ምጥን በሰዓትና በእጅ መለካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በራሱ ጊዜ የሚጀምር ምጥ እንዴት እንደሚለካ ነፍሰ ጡሮች፣ ባሎችና አስታማሚዎች የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። መልሶቹ 37 ሳምንት ለሞላት፣ አንድ ልጅ ለፀነሰችና በእርግዝና ክትትሏ ችግር ላልተገኘባት እናት የተጻፉ ናቸው። መንታ የያዘች፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ የደም ግፊት ያለባት ወይም ጊዜዋ ሳይደርስ ቁርጠት የጀመራት እናት ግን ቤት ተቀምጣ ደቂቃ አትቁጠር፤ ስሜቱ እንደጀመራት ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። በገጹ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምጥ ይለካል ሲባል የሚለካው ምኑ ነው?

አራት ነገር ነው። በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ፣ ምን ያህል እንደሚጠነክር፣ ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ማህፀኑ በደንብ መላላቱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል፤ የመጨረሻውን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማየው እርሱን ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ማህፀን ጡንቻ ነው። ሲኮማተር የላይኛው ክፍሉ እያጠረና እየወፈረ የታችኛውን ክፍልና የማህፀኑን በር ወደ ላይ ይስባል፤ በሩ የሚሳሳውና የሚከፈተው በዚህ ጉተታ ነው። ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት የደም ሥሮች የሚያልፉት ግን በዚሁ ጡንቻ መካከል ስለሆነ፣ ጡንቻው ሲጨብጥ እነርሱም አብረው ይጨመቃሉ። በዚያች አንድ ደቂቃ ያህል ለሕፃኑ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ጤናማ ሕፃን ይህን ይችለዋል፤ የሚችለው ግን በመካከሉ ደሙ የሚመለስበት ጊዜ ሲያገኝ ነው። በሁለት ምጥ መካከል ያለው ፋታ ለእናቲቱ ብቻ የተሰጠ አይምሰልዎ፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለሕፃኑ ነው።

ደቂቃውን የምቆጥረው ከየት እስከ የት ነው?

አንዱ ምጥ ከጀመረበት ቅጽበት ቀጣዩ ምጥ እስከሚጀምርበት ድረስ ነው። ከመልቀቂያው ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ይበዛል፤ በዚህ የተነሣ ቁጥሩ አንድ ደቂቃ ያህል ይጎድላል።

በምሳሌ እንየው። ምጡ ከሌሊቱ 8፡10 ጀመረና 8፡11 ላይ ለቀቀ። ቀጣዩ 8፡16 ላይ፣ ሌላው 8፡21 ላይ፣ ከዚያ ደግሞ 8፡25 ላይ ጀመረ። ልዩነቱ 6፣ 5 እና 4 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ የቆየበትን ጊዜ ለብቻው በሰከንድ ይጻፉ። ምጥ በየ4 ደቂቃው ይመጣል ማለት የ4 ደቂቃ ፋታ አለ ማለት አይደለም፤ አንድ ደቂቃ ከቆየ የሚተርፈው ፋታ 3 ደቂቃ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎች ይህን በተለይ ልብ ይበሉ። ወደ ማዋለጃ ክፍል ሲደውሉ ነርሷ ቀድማ ከምትጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ምጡ በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚመጣ ነው፤ የምትጠብቀውም ከጅማሬ እስከ ጅማሬ ያለውን ቁጥር ነው።

በምን ልለካ? የስልክ መተግበሪያ ያስፈልጋል?

ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃሉ። መተግበሪያውም ቢሆን ሲነኩት የሚጀምር፣ ሲነኩት የሚቆም ሰዓት ነው። ማህፀኑ ምን ያህል እንደጠነከረ አያውቅም፤ በሩ መከፈቱንም አያውቅም። አንዳንዶቹ «አሁን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ» የሚል ማሳሰቢያ ያወጣሉ፤ ይህን እንደ ሐኪም ቃል አይውሰዱት። «ገና ነው» ሲልዎ ደግሞ ጭራሽ አይመኑት።

ቆጣሪው ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል። ምጥ የያዛት ሴት «ጀመረኝ»፣ «ለቀቀኝ» ብቻ ትበል፤ መጻፉ የባል ወይም የእህት ሥራ ይሁን። (ምን ላድርግ እያለ በር ላይ ለሚንጎራደድ ባልም መልካም ሥራ ነው።) ሌሊቱን ሙሉ መቁጠር አያስፈልግም። አንድ ሰዓት ያህል ቆጥረው ወረቀቱን ያስቀምጡት፤ ነገሩ ሲለወጥ እንደገና ይጀምሩ። በተለይ ለመጀመሪያ ልጅ የምጥ መጀመሪያው ክፍል ብዙ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ አጥሚት መጠጣትና ጋደም ማለት ከቆጠራ ይበልጣል።

የውሸት ምጥን በቆጠራ መለየት ይቻላል?

ብዙ ጊዜ አዎን፤ ግን የአንድ ሰዓት መዝገብ ይፈልጋል። የውሸት ምጥ አንዴ በ7፣ አንዴ በ15፣ አንዴ በ4 ደቂቃ እያለ ይዘበራረቃል። ውሃ ሲጠጡ፣ ገላ ሲታጠቡ ወይም ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይደክምና ይጠፋል። እውነተኛው ምጥ እየተቀራረበ፣ እየረዘመና እየጠና ይሄዳል፤ ቢተኙም ቢቆሙም አይመለስም። ብዙ ሴቶች ከወገባቸው ተነሥቶ ወደ ፊት እንደሚዞር ይናገራሉ። ማህፀን ከመውለጃው ጊዜ በፊትም አልፎ አልፎ እንደሚኮማተር እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ብራክስተን ሂክስ በ1872 ስለጻፈ፣ በውጭ አገር ይህ መኮማተር በእርሱ ስም ይጠራል።

በሩ መለወጡን በእርግጠኝነት የሚያሳየው ምርመራ ብቻ ነው። ሄዳ «ገና ነው» ተብላ የተመለሰች እናት ልታፍር አይገባትም፤ ደግማ ብትሄድም እንዲሁ።

ከቤት መቼ ልነሣ?

በከተማ ለሚኖሩና የመጀመሪያ ልጃቸውን ለሚጠብቁ እናቶች የተለመደው ምክር ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ ይህም ለ1 ሰዓት ሲቀጥል መነሣት ነው። ከዚህ በፊት የወለደች ሴት ምጧ ስለሚፈጥን ይህን ያህል አትጠብቅ።

ይህ ምክር የተበጀው መኪና በር ላይ ለቆመለት ሰው መሆኑን ግን አልደብቅም። ከጤና ጣቢያ ሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ ለምትኖር፣ በክረምት ወንዝ ለምትሻገር ሴት አምስት ደቂቃ እስኪሆን መጠበቅ መንገድ ላይ መውለድ ማለት ሊሆን ይችላል። እርሷ መነሣት ያለባት ምጡ ሥርዓት መያዙን እንዳየች ነው፤ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ የእናቶች ማቆያ መግባት ነው። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሩቅ አገር የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮችን እያቆየ አዋልዷል፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ማረፊያ አለ። የመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት የሚሰጡት በነጻ ስለሆነ፣ ቀድሞ መሄዱ ለማዋለጃ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

ቆጠራውን ትቶ ወዲያው መሄድን የሚጠይቁ ምልክቶችም አሉ፦ ደም መፍሰስ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ (በተለይ አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ)፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ ትኩሳት፣ በምጥ መካከል የማይለቅ የሆድ ሕመም። የእትብት ገመድ ከወጣ ደግሞ አንድ ደቂቃም አይባክን።

አዋላጇ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ሰዓቷን የምታየው ለምንድን ነው?

እየለካች ነው። ብዙ ሰው ማጽናኛ ይመስለዋል፤ ማጽናኛም ይሆናል፣ ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው።

መዳፏን በማህፀኑ አናት ላይ፣ ከእምብርት ከፍ ብሎ ታሳርፈዋለች። አትጫንም፣ አታሽም፤ ማሸት ራሱ ማህፀኑን ቀስቅሶ ልኬቱን ያበላሻል። በጣቶቿ የውስጥ ጫፍ ጡንቻው መጠንከር ሲጀምር ታውቃለች፤ ያኔ ዓይኗ ሰከንዱን ይይዛል። መላላቱ ሲጀምር ቆጠራውን ታቆማለች። እጇን ሳታነሣ 10 ደቂቃ ሙሉ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣና እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ትጽፋለች። ሁለት ደቂቃ ነክቶ «ደህና ነው» ማለት ልኬት አይባልም።

ጥንካሬውን ለመገመት ምጡ ሲጠና በጣቷ ቀስ ብላ ትጫናለች። የአፍንጫ ጫፍ ያህል የሚሰምጥ ከሆነ ቀላል፣ አገጭ ያህል ከሆነ መካከለኛ፣ እንደ ግንባር አልሰምጥ ካለ ጠንካራ ነው። ይህ መለኪያ በዓለም ዙሪያ ለአዋላጅ ተማሪዎች የሚሰጥ ነው፤ እርስዎም አሁን በራስዎ ፊት ላይ ሊሞክሩት ይችላሉ።

እጅ ከእናቲቱ ቀድሞ ያውቃል ሲባልም እውነት ነው። የማህፀን ግፊት ከ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲያልፍ በእጅ መታወቅ ይጀምራል፤ ሕመም ሆኖ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ እርስዎ «40 ሰከንድ ቆየ» ያሉትን አዋላጇ 55 ብላ ብትጽፍ አይገረሙ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

በወረቀቱ ላይ የሚጠቆሩት ትናንሽ ሳጥኖች ምንድን ናቸው?

ወረቀቱ ፓርቶግራፍ ይባላል። የምጡ ረድፍ ላይ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት አምስት ሳጥኖች ተደራርበው ይገኛሉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ምጥ ከመጣ ሦስት ሳጥን ይሞላል። አሞላሉም ይለያያል፦ ከ20 ሰከንድ በታች የቆየ ምጥ በነጠብጣብ፣ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ የቆየ በሰያፍ መስመር፣ ከ40 በላይ የቆየ ሙሉ በሙሉ ተጠቁሮ ይመዘገባል። አንብቦ ለሚያውቅ ሰው ወረቀቱ ከሩቅ ይናገራል፤ በነጠብጣብ የጀመረው እየጠቆረና እየረዘመ ከሄደ ምጡ እየጠና ነው።

የወረቀቱ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ በገጠር ክሊኒክ ያሉ አዋላጆች የዘገየን ምጥ በጊዜ ለይተው ወደ ሆስፒታል እንዲልኩ የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመር ጨመሩበት። ብዙ መሣሪያ ለሌለው የአፍሪካ ክሊኒክ የታሰበ ወረቀት ዓለምን ዞረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው አዲሱ የምጥ ክትትል ቅጽ ሳጥን ማጥቆሩን ትቶ ቁጥር ያስጽፋል፤ ንቁው የምጥ ክፍል የሚጀምረውም በሩ 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት መሆኑን ይወስናል።

በ10 ደቂቃ ስንት ምጥ ነው ደህና የሚባለው?

በንቁው ክፍል ከ3 እስከ 5፣ እያንዳንዱም ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። በአዲሱ ቅጽ 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ከ5 ካለፈ፣ አዋላጇ ቆም ብላ ታስብበታለች። ከ20 ሰከንድ ያጠረና ከ60 የረዘመም እንዲሁ።

ከ5 በላይ መሆኑ ልጁ ቶሎ ይመጣል ማለት የሚመስላቸው አሉ። ፋታው አጠረ ማለት ነው፤ የሕፃኑ የልብ ምት ወዲያው መደመጥ አለበት።

በጣም እያመመኝ «ምጡ ገና ደካማ ነው» አሉኝ። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። ሕመምና የማህፀን ጥንካሬ አብረው የሚሄዱት ሁልጊዜ አይደለም። የሕፃኑ ጀርባ ወደ እናቲቱ ጀርባ ከዞረ፣ ምጡ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ወገብን ይሰብራል። የሞላ ፊኛ፣ ድካም፣ ብቻን መሆንና ፍርሃትም ሕመሙን ያብሳሉ። በተቃራኒው ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት ሆዷ ሲነካ ጠንካራ ምጥ ላይ የምትገኝበት ጊዜ አለ፤ ስላልጮኸች የምትረሳ እናት በጣም ታሳስበኛለች።

ቁጥሩ የሚጻፈው ለውሳኔ ነው። የእናቲቱን ሕመም ለማስተባበል ሲውል ግን አያለሁ፤ «ገና ነው፣ አታጋኚ» የሚል አዋላጅ ልኬቱን ቢያውቅም ሥራውን አላወቀም።

ሆዴ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ከእጅ ይበልጣል?

በአንድ ነገር ይበልጣል፤ አይደክምም፣ በወረቀት ላይም መስመር ያወጣል። ከሁለቱ ቀበቶዎች አንዱ የሕፃኑን የልብ ምት ይከታተላል፣ ሌላው ማህፀኑ ሲጠነክር የሆድ ግድግዳ የሚያደርገውን ግፊት ይይዛል። ምጡ መቼ እንደመጣና ስንት እንደቆየ ያሳያል።

ጥንካሬውን ግን አያሳይም። ስክሪኑ ላይ 80 አይተው የሚደነግጡ፣ 30 አይተው የሚያዝኑ ቤተሰቦች አሉ። ያ ቁጥር ቀበቶው ምን ያህል እንደጠበቀ፣ የት እንደታሰረ፣ ሆድ ላይ ምን ያህል ስብ እንዳለና እናቲቱ እንዴት እንደተኛች አብሮ የሚቀላቅል ነው። ጎን ሲቀይሩ ይለወጣል። ቀበቶ የታሰረላትም ሴት ብትሆን ጥንካሬው የሚታወቀው በእጅ ነው።

ጤናማ ለሆነችና ምጧ በራሱ ለጀመረ እናት የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ምክሩ ማሽኑን ያለማቋረጥ ማሰርን አይደግፍም። በንቁው ክፍል የልብ ምቱን በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በማማጫው ሰዓት ደግሞ በየ5 ደቂቃው ማዳመጥ ይበቃል። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ማሽን አልታሰረልኝም ብለው የበታችነት አይሰማዎ፤ በሰዓቱ ያልመጣ አዋላጅ ካለ ግን ይጠይቁ። በአሜሪካ ሆስፒታል የምትወልድ እናት በበኩሏ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያስረዳላት አስተርጓሚ በነጻ የመጠየቅ መብት አላት።

«የሞንቴቪዲዮ ዩኒት» የሚባለው ምንድን ነው?

ትክክለኛው ግፊት የሚታወቀው ቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ሮቤርቶ ካልዴይሮ ባርሲያና ኤርሞጌነስ አልቫሬስ የተባሉ የኡራጓይ ተመራማሪዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዋና ከተማቸው በሞንቴቪዲዮ የማህፀን ውስጥ ግፊትን እየለኩ ይህን መስፈሪያ አበጁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ የመጣው እያንዳንዱ ምጥ ከደረሰበት ከፍታ ላይ የእረፍቱን ግፊት ይቀንሱና ይደምሩ። እረፍቱ 10፣ አራቱ ምጦች ደግሞ 60፣ 55፣ 65 እና 60 ቢሆኑ፣ 50፣ 45፣ 55 እና 50 ይቀራል፤ ድምሩ 200 ነው። 200 እና ከዚያ በላይ በቂ ምጥ ይባላል።

ቱቦው የሚገባው የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ነው። ለሁሉም ይደረግ ቢባልስ? በኔዘርላንድስ ምጣቸው በመድኃኒት የተጀመረ ወይም የታገዘ 1,456 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2010 የታተመ ጥናት፣ በቱቦ መለካት በቀበቶ ከመለካት ይልቅ በቀዶ ሕክምናና በመሣሪያ የሚደረግ ወሊድን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በራሱ ለሚሄድ ምጥ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

አተኛኘቴ ልኬቱን ይለውጠዋል?

አዎን። በጎን ሲተኙ ምጡ ራቅ ራቅ ብሎ፣ ግን ጠንከር ብሎ ይመጣል። በጀርባ መተኛት የማህፀኑ ክብደት ትላልቆቹን የደም ሥሮች እንዲጫን ስለሚያደርግ አይመከርም። ስለዚህ በጎን ሲዞሩ ቁጥሩ ከ4 ወደ 3 ቢወርድ ምጡ ደከመ ብለው አይቸኩሉ።

ምጡ ቢቀዘቅዝ ወይም ቢቆምስ?

በመጀመሪያው ክፍል ከሆነ ብዙ ጊዜ አያስፈራም። ሽንት መሽናት፣ መጠጣት፣ መንቀሳቀስ ይመልሰዋል። በንቁው ክፍል ከቀዘቀዘ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ሕፃኑ አቀማመጡ ተጣሞ ወይም ዳሌው አላሳልፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። የምጥ መርፌ የሚባለው ኦክሲቶሲን በጤና ተቋም ውስጥ፣ በጠብታ ተመጥኖ፣ እጅ ሆድ ላይ ሆኖ እየተቆጠረ ብቻ የሚሰጥ ነው። ቤት ውስጥ ወይም በግል መድኃኒት መደብር ሰው «ላፋጥንልሽ» ብሎ የሚወጋው መርፌ ማህፀን ሊቀድድ፣ ሕፃኑንም ሊያፍን ይችላል።

ከሁሉም የሚከፋው ጠንካራ የነበረ ምጥ ከከባድ ሕመም በኋላ በድንገት ጸጥ ሲል ነው። እናቲቱ ከገረጣችና ልቧ በፍጥነት ከመታ ማህፀኑ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ እረፍት ሳይሆን የሞት ሽረት ነው። መንገድ የተዘጋበት ምጥ ለቀናት ሲቀጥል ደግሞ የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛውን ከአጥንት ጋር ተጭኖ ያቆስለዋል፤ ሐምሊን ባልና ሚስት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን የመሠረቱት ከዚህ የተረፉ ሴቶችን ለማከም ነበር።

«ማርያም ማርያም» እያልኩ መቁጠር ያቅተኛል

አይቁጠሩ። መጸለዩም፣ መጮኹም፣ ዝም ማለቱም የእርስዎ ነው፤ ቆጠራው የሌላ ሰው ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲለምኑ አንዷ ሰዓት ይዛ ብትቀመጥ ጸሎቱን አያጎድለውም።

ልጁ ከተወለደ በኋላ ልኬቱ ያበቃል?

አያበቃም። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀኑ ጠብቆ ካልተኮማተረ ደም መፍሰሱ አይቆምም። አዋላጇ እጇን እምብርት አካባቢ አድርጋ ክብና ጠጣር መሆኑን ታያለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየ15 ደቂቃው መመላለሷ ለዚህ ነው። ለስልሶ ካገኘችው ወዲያው ታሸዋለች፣ መድኃኒትም ትሰጣለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ የመጡ ሰዎች ክፍሉን ሲሞሉት ይህ ክትትል እንዳይቋረጥ አስታማሚዋ ትጠብቅ፤ የምታጠባ እናት ቁርጠት ሲሰማት ደግሞ ማህፀኗ እየተመለሰ ነውና አትደንግጥ፣ ጨርቁ በፍጥነት እየራሰ ከሆነ ግን አዋላጇን ጮክ ብላ ትጥራ።